ህልም መሆኑን እያወቁ ማለም፦ ለጀማሪዎች

ህልም ውስጥ ሆኖ «ይህ ህልም ነው» ብሎ ማወቅ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኪት ኸርን፣ የተኛ ሰው በህልሙ መሐል ዓይኑን አስቀድመው በተስማሙበት መንገድ ግራና ቀኝ ሲያንቀሳቅስ በመሣሪያ መዝግቧል፤ ይህም ሰውዬው ተኝቶም እያለመ መሆኑን ማወቁን ያሳየ ምልክት ነበር። ጀማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማታ ገና ጋደም እንዳለ ስለሚሞክር አይሳካለትም።

እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየዞረ ይሄዳል። ደማቅ ህልም የሚታይበት ክፍል በመጀመሪያው ዙር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን ወደ ንጋት ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ለኪዳን ተነስቶ፣ ተመልሶ ጋደም የሚል ሰው ህልሙ የሚደምቅለት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ህልምን ማስታወስ ያስፈልጋል። ደብተርና እስክሪብቶ ከራስጌ አስቀምጡ። ስትነቁ ሳትገላበጡ የታያችሁን አስታውሱ፣ ከዚያ ጻፉ። ለሰው ከመንገራችሁ በፊት ይሁን፤ በእኛ አገር ህልም ሲነገር ወዲያው ፍቺ ይከተላል፣ ፍቺው ደግሞ ትዝታውን ይለውጠዋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ከጻፋችሁ የሚደጋገመው ይታያችኋል፦ የሞላ ወንዝ፣ የሚያባርር በሬ፣ ያልተጠና ፈተና፣ የሞተ ዘመድ።

ቀን ቀን ራሳችሁን ፈትሹ። አፍንጫችሁን በጣት ይዛችሁ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ ለመተንፈስ ሞክሩ፤ በህልም አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ይገባል። ወይም የባጃጅ ታርጋ አንብቡ፣ ዞር በሉ፣ ደግማችሁ አንብቡ፤ በህልም ጽሑፍ ይለዋወጣል። በቀን 10 ጊዜ ያህል ይበቃል፤ ግን «አሁን እያለምኩ ይሆን?» ብላችሁ ከልብ ካልጠየቃችሁ ህልም ውስጥም እንዲሁ በግዴለሽነት ታልፉታላችሁ።

ዋናው ልምምድ ሌሊት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከተኛችሁ ማንቂያውን ለሌሊቱ 9 ሰዓት ሙሉ። ተነሱና በደብዛዛ ብርሃን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆዩ፤ ደብተራችሁን አንብቡ፣ ስልክ አትክፈቱ። ተመልሳችሁ ስትተኙ ከቅርብ ህልማችሁ አንዱን አስቡ፤ የሞላው ወንዝ ጋ ስትደርሱ «ይህ ህልም ነው» ስትሉ በዓይነ ልቦና እዩ። «ቀጥሎ ሳልም ህልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያላችሁ እንቅልፍ ይውሰዳችሁ። እንቅልፍ እምቢ ካለ ቆይታውን ወደ 10 ደቂቃ አሳጥሩ፤ ቶሎ ከጣላችሁ አርዝሙት። በሳምንት ከሁለት ሌሊት አይብለጥ፤ በእርሻ ወራት፣ ጎሕ ሲቀድ ሞፈር ለሚያነሳ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይመከርም።

አረቄና ጠላ ህልም የሚታይበትን እንቅልፍ ያሳጥራሉ። ቡናም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ሲሳካላችሁ የመጀመሪያው ጠላት ደስታ ነው፦ ልብ ሲመታ ትነቃላችሁ። ተረጋጉ፣ መዳፋችሁን አፋትጉ፣ መሬቱን ዳብሱ። ለመብረር አትቸኩሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ዙሪያውን ማየት ይበቃል።

አንዳንዱ በዚህ ልምምድ መሐል ዱካክ ይጫነዋል። በህልም ጊዜ ከዓይንና ከመተንፈሻ ጡንቻ በቀር አብዛኛው አካል ይታሰራል፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ያ እስር ይሰማል፣ ደረትም የተጫነ ይመስላል። ያስፈራል እንጂ አይጎዳም። አትታገሉ፤ በዝግታ ተንፍሱ፣ አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክሩ፣ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል። በጀርባ መተኛት ስለሚያባብሰው በጎን ተኙ። እውኑንና ህልሙን መለየት የሚያስቸግር ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ልምምድ አይጀምር።