«ሰባት ዋት ብቻ ናት»፦ በኤፍ ኤም ማሰራጫ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዙሪያ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለማኅበራት የድምፅ ዕቃ እገጥማለሁ። ከኮሮና ወዲህ አንድ ጥያቄ ተደጋገመብኝ፦ «ቅዳሴውን መኪና ውስጥ ላለው ምእመን በኤፍ ኤም እናሰማው።» ሐሳቡ ጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድም ይቻላል። ግን የሚቻለው ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ ነው።

«ሰባት ዋት ብቻ ናት»

ይችን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ደብር ጠርተውኝ ሄድኩ። ኮሚቴው ባለ ሰባት ዋት ማሰራጫ ከኢንተርኔት አዝዞ፣ አንቴናውን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ጨርሷል። እኔን የፈለጉኝ የድምፅ መቀላቀያው፣ ሚክሰሩ፣ ስለሚጮህባቸው ነው። «ሞክራችሁታል?» አልኩ። ዲያቆኑ ፊቱ በራ። «እንዴታ! ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ነዳጅ ማደያ ድረስ ኩልል ብሎ ይሰማል!» የምሥራች መንገሩ ነው። እኔ ቶሎ ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ ፓርት 15 የሚባል ደንብ አለው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው የኤፍ ኤም ክልል ያለ ፈቃድ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ ከአንቴናው 3 ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ የሞገዱ ጉልበት በሜትር ከ250 ማይክሮቮልት መብለጥ የለበትም። ልብ በሉ፣ ገደቡ በዋት አልተቀመጠም። በዋት እናስበው ካልን አንድ ዋትን ለሃምሳ ሚሊዮን ማካፈል ነው። «ሰባት ዋት ብቻ» የሚለው ሰው ከገደቡ በመቶ ሚሊዮኖች እጥፍ አልፏል። ኤፍ ሲ ሲ ራሱ የሚገምተው ርቀት 200 ጫማ አካባቢ ነው፤ ወደ 60 ሜትር። ነዳጅ ማደያው ጋ ከተሰማማ ምን መለኪያ ያስፈልጋል?

«ቢከለከልማ አይሸጡትም ነበር» ይሉኛል። ይሸጡታል እንጂ! ሻጩ ሌላ አገር ነው፤ የኤፍ ሲ ሲ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚመጣው እናንተ ደጃፍ ነው። ስትገዙ ጀርባው ላይ የኤፍ ሲ ሲ መለያ ቁጥር ፈልጉ፤ ቁጥሩንም በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አስገብታችሁ ያው ዕቃ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ አብሮት የመጣውን አንቴና በትልቅ አትቀይሩ። ከቀየራችሁት የተፈተሸው ዕቃ እሱ አይደለም።

«መቶ ሚሊዋት ይፈቀዳል»

ይፈቀዳል፤ ለኤ ኤም። ይህን ከኤፍ ኤም ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው። በኤ ኤም፣ ከ510 እስከ 1705 ኪሎኸርዝ፣ ወደ ማሰራጫው የመጨረሻ ደረጃ የሚገባው ኃይል እስከ 100 ሚሊዋት ድረስ መሆን ይችላል። አንቴናው፣ ወደ አንቴናው የሚሄደው ኬብልና የመሬት ሽቦው ተደምረው ግን ከ3 ሜትር መብለጥ የለባቸውም።

እኔም እዚህ ጋ ወድቄያለሁ። በጀማሪነቴ ማሰራጫውን ጣሪያ ላይ አስቀምጬ፣ አንቴናውን በሜትር ለክቼ፣ «ይኸው፣ ልክ 3 ሜትር» ብዬ ኮራሁ። የመሬት ሽቦውን እስከ ታች ድረስ ስለቀው አልቆጠርኩትም። ለካ ሽቦው ራሱ አንቴና ሆኖ ሲያሰራጭ ነበር! ድምፁ ያን ያህል መጥራቱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

«ባዶ ሞገድ አገኘን»

ባዶ መሆኑ ገደቡን ከፍ አያደርገውም። ባዶ ፈልጋችሁ መጠቀማችሁ ግን ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ፈቃድ ያለውን ጣቢያ ከረበሻችሁ፣ ዕቃው ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ማጥፋት ግዴታ ነው። እነሱ ቢረብሿችሁ ደግሞ ችሎ መኖር ነው። ሌላው፣ 87.7 እና 87.9 ላይ አትግቡ። ርካሹ ዕቃ ቁጥሩን ስላሳየ የተፈቀደ ይመስላል፤ ክልሉ የሚጀምረው ግን ከ88 ነው።

«ለንግድ አይደለም፣ ለአገልግሎት ነው»

ሕጉ ለምን እንደምታሰራጩ አይጠይቅም፤ ገደቡ ለሁሉም አንድ ነው።

አከራዩን መርሳት

ብዙዎቹ ማኅበሮቻችን አዳራሽ ተከራይተው ነው የሚያገለግሉት። በ2020 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ የሚያሰራጨውን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ እያወቀ ቦታ የሚሰጠውንም ነው። ቅጣቱ ሲወጣ በቀን እስከ 100,000 ዶላር፣ በድምሩ እስከ 2 ሚሊዮን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ ጨምሯል። ባለ ሕንፃው ይህን የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ኪራዩን የሚያድስላችሁ ይመስላችኋል?

ማስጠንቀቂያ ከመጣ መጀመሪያ አጥፉ። ክርክሩ ይደርሳል። መልስ ለመስጠት ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ይሰጣል፤ «ሽማግሌ እንላክ» እየተባለ የሚባክን ጊዜ የለም።

ነገን ማበላሸት

ይህ ብዙም አይነገርም። ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች እስከ 100 ዋት የሚሰጥ የአነስተኛ ኤፍ ኤም ፈቃድ አለ፤ እስከ 5.6 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሰማል። ማመልከቻ የሚቀበሉት አልፎ አልፎ ነው፤ በፈረንጆቹ 2013 ተከፍቶ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ በ2023 መጨረሻ። አመልካቹ ከዚህ በፊት ያለ ፈቃድ አሰራጭቶ እንደማያውቅ ማረጋገጥ አለበት። ዛሬ በሰባት ዋት ያለፋችሁት ነገር ያኔ ይጠብቃችኋል።

ያንን ደብር በኋላ ተመለስኩበት። መለያ ቁጥር ያላት፣ ቡና ረከቦት ላይ የምትቀመጥ የምታህል ዕቃ አምጥቼ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያየው መስኮት ላይ አደረግኳት። ዲያቆኑ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ በመኪኖቹ መሃል ሄደ፣ ሄደ፣ አጥሩ ጋ ደረሰ። ከዚያ ቅር ብሎት ዞረና ጮኸ፦

«እዚህ ጋ ጠፋ!»

«ይጥፋ!» አልኩት።