ችግርና መፍትሄ፦ የድሮ የጦር አውሮፕላን ፎቶ ማንነቱ አልታወቅ ሲል

ቢሾፍቱ ያደገ ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ አልበም አያጣም። አባቱ ወይ አጎቱ ክንፍ ተደግፎ፣ ፀጉሩን በጎን ከፍሎ፣ ፈገግ ብሎ የቆመበት። እንዲህ ያለ ፎቶ ሰው ይልክልኛል፤ እኔም አውሮፕላኑ የትኛው እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የተቀባበት ምልክት ምን እንደሚል እፈልጋለሁ። ጄትን ከፕሮፔለር፣ ኤፍ-5ን ከሚግ መለየት እንደምታውቁ አድርጌ ነው የምጽፈው። ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ አሁን ታያላችሁ።

ምልክት፦ ፎቶው የተነሳው አውሮፕላኑ አገር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይመስላል

ከሚመጡልኝ አሥር ፎቶዎች ሰባቱ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የዘመን አቆጣጠር።

አንድ ልጅ ከዋሽንግተን ፎቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ አያቴ ኮሪያ በጄት ተዋግቷል፤ ማስረጃው ይኸው» ይላል። ፎቶው ላይ ኤፍ-86 ሴበር አለ፣ አያትየው መሰላሉ ላይ አንድ እግራቸውን ሰቅለዋል። ኮሪያ ሰማይ ላይ ሴበር ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን የአሜሪካኖቹ። ከእኛ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች እግረኛ ናቸው። «ጀርባውን አንስተህ ላክልኝ» አልኩት። በእርሳስ፣ በቆንጆ የቁም ጽሕፈት «ጥር ፶፫» ይላል። ልጁ ፶፫ን ሃምሳ ሦስት ብሎ አንብቧል፤ ንባቡ ትክክል ነው፤ ከዚያ ግን የኮሪያ ጦርነት ካበቃበት እ.ኤ.አ. 1953 ጋር አጋጠመው።

ጥር 1953 ማለት እ.ኤ.አ. ጥር 1961 ነው። ሴበር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ልክ ይገጥማል። ደግሞ ከጅራቱ ጀርባ፣ ሰማዩ ጋ፣ አናቱ የተቆረጠ ተራራ ይታያል። ዝቋላን የቢሾፍቱ ልጅ ከሩቅ አይስተውም። ልጁ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ቆይቶ «አያቴን ዋሾ አደረጓቸው» ብሎ ጻፈልኝ። አያትህ የጻፉት አንድም ስህተት የለበትም፤ ያላነበብከው አንተ ነህ አልኩት።

መፍትሄው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ከሆነ 7 ደምር፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ደምር። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ዓመት ያዝ። «በግምት 7» ብሎ መሄድ ለልደት ይሠራ ይሆናል፤ ለአውሮፕላን አይሠራም፤ አንድ ዓመት መሳሳት አንድን አውሮፕላን ካልመጣበት ጊዜ ላይ ያስቀምጠዋል።

የማን ቁጥር እንደሆነ እንዴት ይለያል? ዓመቱ በግዕዝ አኃዝ ከተጻፈ የእኛ ነው፣ ጥያቄ የለውም። የወሩ ስም በአማርኛ ሆኖ ዓመቱ በ1953 ዓይነት ከተጻፈም አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ነው። በፎቶው ነጭ ጠርዝ ላይ ከፋብሪካው የታተመ የፈረንጅ ወርና ዓመት ካለ ግን እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱም ፎቶው የታጠበበት እንጂ የተነሳበት ቀን አይደለም። ፊልም ካሜራ ውስጥ ስድስት ወር የሚቀመጥበት ዘመን ነበር።

ከዚህ የባሰ አለ፤ ድርብ ልወጣ። አንዲት እናት አልበማቸውን አመጡልኝ። ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ «መስከረም 1954» አለ። ከስሩ በእስክሪፕቶ «1961»። ከስሩ ደግሞ በቀይ «1968»። ታሪኩ ግልጽ ነው፦ ባልየው ጻፉ፤ ልጅየው ለውጭ አገር ዘመድ ብሎ ወደ ፈረንጅ ቀየረው፤ የልጅ ልጁ «የኢትዮጵያ ነው» ብሎ እንደገና ቀየረው። ሦስት ትውልድ፣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ፎቶ። እባካችሁ ስትቀይሩ ዋናውን አትሰርዙ፣ የቀየራችሁትንም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ፊደል መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል?

ለማጣሪያ ይህን ያዙ። ሳብ 17፣ ባለ ፕሮፔለሩ ቦምብ ጣይ፣ ከስዊድን መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947፣ ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን ሲያደራጅ ነው። ኤፍ-86 እ.ኤ.አ. 1960። ኤፍ-5 እ.ኤ.አ. 1966። ካንቤራ፣ የእንግሊዙ ቦምብ ጣይ ጄት፣ እ.ኤ.አ. 1968። ሚጎቹ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ። ስለዚህ የሚግ-21 ፎቶ ጀርባ «1970» ካለ አትደንግጡ፤ የእኛ 1970 ነው፣ የኦጋዴን ጦርነት ዓመት።

ምልክት፦ የጅራት ቁጥሩ የትኛውም ዝርዝር ላይ የለም

ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ የአገር ውስጥ መለያ ነው፤ በአሜሪካ ዝርዝር ብትፈልጉት ዕድሜያችሁ ያልቃል።

አምስት ወይም ስድስት አሃዝ ከሆነና አውሮፕላኑ ከአሜሪካ ከመጣ ግን፣ ቁጥሩ ተቆርጦ ነው የተጻፈው። የአሜሪካ አየር ኃይል መለያ የሚጀምረው አውሮፕላኑ በታዘዘበት የበጀት ዓመት ነው፤ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ጅራቱ ላይ ሲቀባ የዓመቱ የመጀመሪያ አሃዝ ይቀራል። 52-4513 የሚል መለያ ቢኖር ጅራቱ ላይ 24513 ይሆናል። ችግሩ የጠፋው አሃዝ ነው፤ ፊት ያለው 4 የ44 ነው የ54? ዓይነቱን ተመልከቱ። ሲ-47 (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማመላለሻ) ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1954 የታዘዘ የለም። ቲ-33 (የጄት ማሰልጠኛ) ከሆነ ግን ከእ.ኤ.አ. 1948 እስከ 1959 ስለተሠራ ፊቱ 8 የሆነ ቁጥር ሁለት አባት ሊኖረው ይችላል፤ ቀሪዎቹን አሃዞች በሁለቱም ዓመት ፈልጉ። ከፊት «0-» ካለ ደግሞ የቁጥሩ አካል አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ለማለት የተጨመረ ነው።

ምልክት፦ አንድ ሲ-47 ሁለት የፋብሪካ ቁጥር አለው

አጭበርባሪ አልሸጠላችሁም። ኦክላሆማ ሲቲ የተሠሩት ሲ-47ዎች ብዙዎቹ በሁለት የፋብሪካ ቁጥር ነው የሚጠቀሱት። በአንዱ ረድፍ ልዩነቱ 11,445 ነው፤ 13803 ያለው 25248ም ይባላል። በኋለኛው ረድፍ ልዩነቱ 16,748 ይሆናል። ቀንሱና አረጋግጡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረው በእነዚህ ከጦርነት በተረፉ ሲ-47ዎች ስለሆነ ነገሩ የጦር ብቻ አይደለም።

ምልክት፦ አውሮፕላኑ ላይ የተቀባው የባንዲራ ቀለም ቅደም ተከተል የተገለበጠ ይመስላል

በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለም አትገምቱ። የድሮ ፊልም፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ በሰፊው የነበረው፣ ቀይን አያይም፤ ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል። ቢጫንም ያጨልመዋል። በኋላ የመጣው ፊልም ቢጫን ያነጣል፤ አረንጓዴና ቀይን ግን አንድ ዓይነት ግራጫ ሊያደርጋቸው ይችላል። የእኛን ሦስት ቀለም ለማምታታት የተፈጠረ ነው የሚመስለው። መፍትሄው ከተመሳሳይ ቀንና ካሜራ ሌላ ፎቶ ፈልጎ ቀለሙ የሚታወቅ ነገር፣ ለምሳሌ ሰንደቅ ዓላማ፣ ጎን ለጎን ማየት ነው። በስልክ መተግበሪያ «ቀለም የተቀባ» ፎቶ አትላኩልኝ። መተግበሪያው አውሮፕላን ላይ ስለሚቀባው የኢትዮጵያ ክብ ምልክት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ያገኘውን ሁሉ ሰማያዊ ይቀባዋል።

ምልክት፦ ሙዚየም ያለው አውሮፕላን ቀለሙ ታሪኩን አይመስልም

ቀለም የባለቤቱ ምርጫ ነው። ካናዳ ኖቫ ስኮሻ፣ ሺርዋተር ሙዚየም ያለው ፋየርፍላይ (የእንግሊዝ ባለ ፕሮፔለር ተዋጊ) ቁጥር ፒፒ 462 በካናዳ ባሕር ኃይል ነበር፣ ለኢትዮጵያ ተሸጠ፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ተመለሰ። ዛሬ ሲታይ ካናዳዊ ነው፤ የኢትዮጵያ ዘመኑን የምታገኙት ከወረቀት እንጂ ከክንፉ አይደለም። ጥንት ደግሞ ከቁጥር ይልቅ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ የሠራት አውሮፕላን «ፀሐይ» በልዕልት ፀሐይ ስም ተጠራች፤ ጣሊያን ወሰዳት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2024 ተመለሰች። እንዲህ ያለችውን በስም ፈልጓት።

በር ላይ የቆመ ማሳያ አውሮፕላን የአንዱ አካል ከሌላው ክንፍ ጋር የተገጠመ ሊሆን ይችላል። ማንነት የሚከተለው አካሉን ነው።

ምልክት፦ ሰውየው ግራኝ ይመስላል

ኔጋቲቩ ተገልብጦ ታትሟል። የአብራሪው የክንፍ ባጅ በግራ ደረት ላይ መሆን አለበት፤ በቀኝ ካለ ፎቶውን ገልብጡት፣ ቁጥሩም ይስተካከላል።

ምልክት፦ የፋብሪካ ሰሌዳው አይነበብም

ወደ አሮጌ አውሮፕላን ከመግባታችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ። የባለቤቱን ፈቃድ ያዙ። የሚወነጨፍ መቀመጫ ካለው፣ ባለሙያ ደህና ነው እስኪል ድረስ አትቀመጡ፣ መያዣም አትሳቡ። በጨለማ የሚያበሩ የድሮ ሰዓቶች ራዲየም ሊኖርባቸው ይችላል፤ መስታወታቸውን አትክፈቱ። አረንጓዴ ቢጫ የውስጥ ቀለም መርዛማ ክሮሜት አለበት፤ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ ማስክ አድርጉ።

ሰሌዳውን ደግሞ በብረት ሱፍ አትፈግፍጉት። ደግሜ ልበል፦ አትፈግፍጉት። አንድ ወዳጄ ሊያስደስተኝ ፈልጎ ከመምጣቴ በፊት «አጽድቼልሃለሁ» አለኝ። ሰሌዳው እንደ መስታወት ያበራል፤ ቁጥሩ ግን ጠፍቷል። በቀላል ሳሙናና በጥጥ ብቻ አጽዱ። ከዚያ መብራቱን አጥፍታችሁ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ሰሌዳውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ፤ የተመታው አሃዝ ጥላ ይጥላል። ቀጭን ወረቀት አስቀምጦ በእርሳስ ጎን ማሸትም ይረዳል። የወዳጄን ሰሌዳ እንዲህ አድርገን ከስድስቱ አሃዝ አራቱን አገኘን። ሁለቱ የብረት ሱፉ ላይ ቀርተዋል።