ምርጫ በሌለበት ዓመት አነስተኛ ፓርቲን እንዴት መምራት ይቻላል?

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ወረዳዎች አነስተኛ ክልላዊ ፓርቲ የሚመራ ሰው ጠቅላላ ምርጫ በየ5 ዓመቱ እንደሚመጣ አስቦ እስከዚያ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ፣ የምርጫው ዓመት ሲደርስ የሚያሰልፈው አባል አያገኝም። ሥራው በመካከል ባሉት ዓመታት መሠራት አለበት።

ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የአባላት መዝገብ ነው። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ክልላዊ ፓርቲ ለመመዝገብ 4,000 መሥራች አባላት እንዲኖሩት፣ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የክልሉ ነዋሪዎች እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ ሆኖም በምዝገባው ወቅት የተሰበሰበው ፊርማ እየቆየ ሲሄድ ሰው ይሞታል፣ ቀበሌ ይቀይራል፣ ስልኩን ይለውጣል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት የየቀበሌው አስተባባሪ አባላቱን በስም እየጠራ ያረጋግጥ።

የስብሰባ ጊዜ ሲመረጥ ገበሬውን ማማከር ያስፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የፎገራ ገበሬ በሩዝ አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሚሆን ወረታ ላይ ስብሰባ መጥራት እርሱን ማስቀረት ነው። ጥርም ጥምቀትና ሠርግ የሚበዛበት ወር ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ግን ሠርጉ ያቆማል፣ እርሻውም ገና አይጠነክርም፤ ለተሰብሳቢው የሚቀርበው ምሳም ሽሮ ስለሚሆን ወጪው ይቀላል። በእኔ እምነት ለጉባኤ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ግን ከዘጌም ሆነ ከወረታ የሚመጡ ተወካዮች ተለዋጭ ቀን አስቀድሞ ይነገራቸው።

ሰላማዊ ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ የአደባባይ ስብሰባ ሲታሰብ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለከተማው አስተዳደር ገቢ ሲደረግ፣ በፓርቲው እጅ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀንና ሰዓት ጽፎ ማኅተም እንዲያሳርፍበት ሳይደረግ ከቢሮው መውጣት አይገባም። በኋላ «አልደረሰንም» ቢባል ፓርቲው የሚያቀርበው ማስረጃ ይኸው ወረቀት ነው።

ትንሽ ፓርቲን ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው የገንዘብ ጥርጣሬ ነው። መዋጮው ጥቂት ብር ቢሆንም ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ የአባሉ ስም፣ ቀበሌውና የከፈለበት ወር ይጻፍበት። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ አንድ ሰው አይሁኑ። ከውጭ አገር መንግሥትና ዜጋ፣ እንዲሁም ምንጩ ካልታወቀ ሰው የሚመጣ ስጦታ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ወዲያው ይመለስ። ሒሳቡ ሰኔ 30 ተዘግቶ፣ ሰነዱ ክረምቱ ሳይገፋ ለውጭ ኦዲተር ይሰጥ፤ ሪፖርቱም ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከመላኩ ጎን ለጎን በየቅርንጫፉ ለአባላት ይነበብ።