የአደጋ ታካሚ ሲቲ ላይ ኮንትራስቱ አልታይ ሲል

ምስሉ ደብዝዞ ሲወጣ ቀድሞ የሚመጣልን «የኮንትራስቱ (ምስሉን ለማድመቅ በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት ፈሳሽ) መጠን አንሶ ነው» የሚለው ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። እኔ ግን መጠን ከመጨመሬ በፊት ፈሳሹ የሚገባበትን መስመርና ስካኑ የተነሳበትን ሰዓት አያለሁ።

አኦርታው (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር) አልደመቀም

ከካኑላው (ደም ሥር ውስጥ ከሚገባው ቀጭን ቱቦ) ጀምሩ። በጥድፊያ እጅ ጀርባ ላይ የገባ 22 ጌጅ (የጌጅ ቁጥር ሲበዛ ቱቦው ይቀጥናል) አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 4 ሚሊ ሊትር አይችልም። ግፊቱ ገደቡ ላይ ሲደርስ ኢንጀክተሩ (ኮንትራስቱን የሚገፋው ማሽን) ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ላይ 4 ተሞልቶ የገባው 2 ሊሆን ይችላል። የግፊትና የፍጥነት ግራፉን ሳያዩ መጠን መጨመር ከንቱ ነው። መፍትሄው 18 ወይም 20 ጌጅ በክርን መታጠፊያ ላይ፣ ከተቻለ በቀኝ በኩል ማስገባት ነው። ኮንትራስቱን እስከ 37 ዲግሪ ማሞቅ ያቀጥነዋል። ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ካልተከተለው ደግሞ ከፊሉ ቱቦውና ክንዱ ውስጥ ይቀራል።

መስመሩ ደህና ከሆነ ልቡን ጠርጥሩ። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ልብ የሚገፋው ደም ስለሚያንስ ኮንትራስቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በ25ኛው ሰከንድ የተነሳው ምስል ባዶ ይሆናል። ሲደርስ ግን ከተለመደው በላይ ይደምቃል፣ ይቆያልም። ታዲያ የጎደለው መጠን ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ቋሚ ሰከንድ ትታችሁ ቦለስ ትራኪንግ (ማሽኑ የኮንትራስቱን መድረስ እያየ የሚጀምርበትን ዘዴ) ተጠቀሙ፦ አኦርታው ከ100 እስከ 150 ሃውንስፊልድ (የሲቲ የድምቀት መለኪያ) ሲደርስ ስካኑ ይጀምር።

ጣፊያው የተሰነጠቀ ይመስላል

በአርቴሪያል ፌዝ (ኮንትራስቱ ገና አርተሪዎች ውስጥ ሳለ በሚነሳው ምስል) ጤነኛ ጣፊያም እንደ ሜዳ አህያ ቆዳ ይዥጎረጎራል። ከ65 እስከ 80 ሰከንድ ባለው ፖርታል ቬነስ ፌዝ (ኮንትራስቱ ወደ ጉበት በሚወስደው ደም መላሽ ሥር ሲደርስ በሚነሳው ምስል) ዝጉርጉርነቱ ካልጠፋ ያኔ ተጨነቁ።

ጉበቱም ኩላሊቱም ሁሉም ደብዛዛ ነው

እዚህ ላይ በእርግጥ መጠኑ ሊያንስ ይችላል። ለ50 ኪሎውም ለ100 ኪሎውም 100 ሚሊ ሊትር መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። በኪሎ ወደ 500 ሚሊ ግራም አዮዲን አስቡ፦ 80 ኪሎ ሰው 40,000 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። ጠርሙሱ 350 (በአንድ ሚሊ ሊትር ያለው የአዮዲን ሚሊ ግራም) ከሆነ ወደ 114፣ 300 ከሆነ ወደ 133 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያላነበበ አስልቷል አይባልም! ቀጭን ታካሚ ላይ የኤክስሬዩን ኃይል ከ120 ወደ 100 ኪሎቮልት ማውረድ አዮዲኑን ያደምቀዋል፤ ወፍራም ሰው ላይ ግን ምስሉን ያሻክራል።

ኮንትራስቱ ከደም ሥር ውጭ ፈስሶ ክንዱ አበጠ

መርፌውን አቁሙ፣ ክንዱን ከፍ አድርጉ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። ሕመሙ ከጨመረ፣ ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ ቀዶ ሐኪም ይጠራ።

ክሬያቲኒኑ (የኩላሊት ምርመራው ውጤት) አልደረሰም

እየደማ ያለ ሰው ውጤት አይጠብቅም፤ ውሳኔው የቡድኑ መሪ ሐኪም ነው። የማልስማማበት «ለኩላሊቱ ስንል ግማሹን እንስጠው» የሚለው መላ ነው። ግማሽ መጠን የማይነበብ ምስል ይሰጣል፣ ከዚያ ስካኑ ይደገማል፣ ታካሚውም ጨረሩን ሁለቴ፣ ኮንትራስቱንም ከሙሉ መጠን በላይ ይወስዳል።