ከዓመታት በኋላ ወደ አኳሪየም ስትመለሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓሣ ማሳደግ ትቶ ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ሰው የሚሳሳተው ጀማሪ በሚሳሳትበት ቦታ አይደለም። ጀማሪ ስለማያውቅ ይጠይቃል፣ ይፈራል፣ ቀስ ይላል። ተመልሶ የሚጀምር ሰው ግን እጁ ያስታውሳል። ገንዳውን ከዕቃ ቤት ያወጣል፣ ያጥባል፣ ውሃ ይሞላል፣ በዚያው ቅዳሜ ዓሣ ገዝቶ ይመጣል። የሚያስታውሰው ግን የድሮውን ገንዳ ነው። ያኛው ብዙ ወራት ሠርቶ የተረጋጋ ነበር። ይሄኛው ገና አንድም ቀን አልሠራም።

ሌላም ነገር አለ። በመጽሐፍም በቪዲዮም የምናገኘው ምክር አብዛኛው የተሰናዳው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ላለ፣ መብራትና ውሃ ብዙም ለማይቆራረጥበት ከተማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብሎ ያንን እንዳለ መከተል ዓሣ ያስጨርሳል። ስለዚህ ስህተቶቹን አንድ በአንድ የማያቸው ከዚህ ከኛ ከተማ አንጻር ነው።

የቆመውን ገንዳ ሳይፈትሹ ሳሎን ማስገባት

ለዓመታት ደርቆ የተቀመጠ ገንዳ ሲሊኮኑ ይደርቅና ጥጉ ላይ ይላቀቃል። በዓይን ሲታይ ደህና ይመስላል። በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ለጥ ባለ ቦታ አስቀምጡና እስከ አፉ ሞልታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፉ፤ ጠብታ እንኳ ብትወርድ ታሳብቃለች።

መስታወቱ ላይ የደረቀው ነጭ ቅርፊት አቼቶ በነካ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ኦሞም ሆነ የዕቃ ሳሙና አታስጠጉ። ቅሪቱ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳል።

ክብደቱንም አስሉ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ ሊትሩን ታገኛላችሁ። 80 በ35 በ40 የሆነ ገንዳ 112 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ 112 ኪሎ ነው ማለት ነው። መስታወትና ጠጠር ሲጨመርበት ወደ ኩንታል ተኩል ይጠጋል። ተራ የቲቪ ማስቀመጫ ይህን አይችልም። ማስቀመጫውን በውሃ ልክ ለኩት፤ ያዘነበለ ገንዳ ጫናው ወደ አንድ ጎን ያደላል።

ከወንዝ ዳር የለቀማችሁትን ድንጋይ ደግሞ ከማስገባታችሁ በፊት አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ጠብታው ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ከተነሳ ድንጋዩ ኖራ አለበት፤ የውሃውን ማዕድን ቀስ በቀስ ያበዛዋል፣ ፒኤቹንም (የውሃው አሲድነት የሚለካበትን ቁጥር) ይጨምረዋል። አካባቢያችን የሞላው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይልም። እሱን አጥባችሁና አፍልታችሁ ተጠቀሙበት።

ውሃ በሞሉበት ሳምንት ዓሣ መግዛት

ከሁሉም በላይ ዓሣ የሚገድለው ይሄ ነው፤ ድሮ ያሳደገ ሰው ደግሞ በብዛት የሚዘለው ይሄንኑ ነው።

ዓሣ ሲተነፍስ ከስንጥቡ አሞኒያ ይወጣል። የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድሩም ሲበሰብስ ወደ አሞኒያ ይቀየራል። አሞኒያ መርዝ ነው። ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናይትሬት ግን በዝቶ ካልተጠራቀመ ብዙም አይጎዳም። ውሃ ስንቀይር አብሮ ይወጣል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ሠፍረው እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ውሃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይቆያል። የጠራ ውሃ ማለት የተዘጋጀ ውሃ ማለት አይደለም። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ገንዳው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ዓሦቹ ውሃው ጫፍ ላይ አፋቸውን እየከፈቱ ሊያልቁ ይችላሉ።

ትክክለኛው መንገድ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን አስነስቶ፣ ዓሣ ሳይገባ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ መጠበቅ ነው። ምግቡ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎቹ የሚበሉትን አሞኒያ ያገኛሉ። የውሃ መመርመሪያ ካገኛችሁ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ናይትሬት ደግሞ ሲታይ፣ ያኔ ዓሣ ይገባል። በጣም ጥሩው አቋራጭ ግን ጤነኛ ገንዳ ካለው ወዳጅ የቆየ ስፖንጅ ቁራጭ መለመን ነው። በገንዳው ውሃ እንደራሰ በፌስታል አምጡትና ማጣሪያችሁ ውስጥ ክተቱት። ሳምንታት ይቆጥብላችኋል።

መመርመሪያ ከሌለ፣ ወዳጅም ከሌለ፣ ዓሣ ብቻ ቀድሞ ከተገዛ ምን ይደረግ? ዓሦቹ ጥቂትና ጠንካራ ይሁኑ፤ ሁለት ሦስት ጋፒ ይበቃል። ምግብ አሳንሱ። በየሁለት ቀኑ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። ማጣሪያ ስታጸዱም ስፖንጁን ቧንቧ ሥር አትጠቡት። ከገንዳው በባልዲ በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ቧንቧ ሥር ሙልጭ አድርጎ ማጠብ ወር ሙሉ የጠበቃችሁትን ባክቴሪያ በክሎሪን መጨረስ ነው።

የቧንቧን ውሃ እንደመጣ መጨመር

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ለኛ ጥሩ ነው፣ ለዓሣ ግን ስንጥብ ያቃጥላል። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት፤ የአየር ድንጋይ (አየር ከሚነፋ ኤር ፓምፕ ጋር ተያይዞ ጥቃቅን አረፋ የሚያወጣ) ከታከለበት ይበልጥ ጥሩ ነው። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ባለው መጠን ተጠቀሙ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ይደፈርሳል፤ እሱን ለገንዳ አትቅዱ። ከሮቶ የምትቀዱ ከሆነ ሮቶው በቅርቡ በበረኪና ታጥቦ እንደሆነ የቤቱን ሰው ጠይቁ። ውሃ አጋር የተጨመረበት ጄሪካንም ለዓሣ አይሆንም።

የአዲስ አበባ ውሃ ደግሞ ሁሉም ሰፈር አንድ አይደለም። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣ አለ፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣም አለ። የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ ማዕድን ይበዛዋል። የድሮ ገንዳችሁ ሌላ ሰፈር ከነበረ በዚያኛው ውሃ የተመቸው ዓሣ በዚህኛው ላይመቸው ይችላል። በየሳምንቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ መቀየር ይበቃል። ሙሉውን ገልብጦ እንደ አዲስ መሙላት በጭራሽ አይደረግም።

ከፍታውን መርሳት

ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ ሰው ብዙ አላየሁም፤ ለኔ ግን አንገብጋቢ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ ከዚህ ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል። ባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ ያው ውሃ፣ በደንብ እየተናፈሰ እንኳ፣ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይቀንሳል።

ስለዚህ "ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ" የሚለው ቀመር እዚህ አይሠራም። ከተባለው ቀንሳችሁ ጀምሩ። የማጣሪያው መውጫ የውሃውን ገጽ እያንቀጠቀጠ ይፍሰስ፤ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ በሚንቀጠቀጠው ገጽ ነው። ኤር ፓምፕ እዚህ ከተማ ቅንጦት አይደለም።

መብራት ሲሄድ ይሄ ሁሉ ይቆማል። ኤር ፓምፑ ከገንዳው ዝቅ ብሎ መደርደሪያው ሥር ከተቀመጠ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፓምፑ ሲቆም ውሃው በቀጭኗ የአየር ቱቦ ወደ ኋላ መውረድ ይጀምራል። መጀመሪያ ቱቦዋ ውስጥ ትንሽ ዓምድ ሆኖ ይታያል፤ ቀጥሎ ከገንዳው ጫፍ ያልፍና ወደ ፓምፑ ይወርዳል፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ነው። ፓምፑም ይቃጠላል፣ ምንጣፉም ይርሳል። መፍትሔው ወይ ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ መስቀል፣ ወይ ቱቦዋ መሃል ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ማስገባት ነው። ዋጋው ከፓምፑ ጋር አይወዳደርም።

ለጨለማው ሰዓት በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕና የሞላ ፓወር ባንክ አዘጋጁ። እሱ ከሌለ በጆግ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ብታደርጉት ብዙ ዓሣ ያተርፋል። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጡ። ዝግ ማጣሪያ (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ፣ የተከደነ) ካላችሁና ብዙ ሰዓት ከቆመ ደግሞ መብራቱ እንደመጣ እንዳታስነሱት። ውስጡ የታፈነው ውሃ ኦክስጅን አልቆበት ተበላሽቷል። ከፍታችሁ ድፉት፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ አስነሱ።

"አዲስ አበባ ሙቀቷ መካከለኛ ነው" ማለት

ለሰው አዎ፣ ለሞቃት አገር ዓሣ ግን አይደለም። ኒዮን ቴትራ፣ ቤታ፣ ጋፒ የሚወዱት 24 እና 26 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ያልሞቀ ሳሎን ከዚያ በጣም ይወርዳል፤ ቀን ደግሞ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ይሄ መውጣት መውረድ ዓሣን ያዳክማል። ነጭ ነጥብ የሚባለው፣ ሰውነታቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስለው በሽታ የሚነሳውም ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ቅዝቃዜ በኋላ ነው።

ማሞቂያ ግዙ፤ ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ገደማ አስቡ። በማሞቂያው ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ፣ ቴርሞሜትር ለብቻው ይኑር። ውሃ ስትቀይሩ ደግሞ ከሶኬት ንቀሉት፤ ከውሃ ውጭ ሆኖ ሲግል መስታወቱ ይሰነጠቃል። መብራት በሄደ ሌሊት ገንዳውን በጎንና በጎኑ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ አናቱን ግን ለአየር ተዉት። ትልቅ ገንዳ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ቦታና አቅም ካላችሁ ከ40 ሊትር ይልቅ 100 ሊትር የምመክረው አንዱ ለዚህ ነው።

ዓሣን በመልኩ ብቻ መምረጥ

ጎልድፊሽ በክብ ብርጭቆ ማሳደግ ድሮም ስህተት ነበር። ተራው ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ 20 ሴንቲሜትር ያልፋል፣ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል። ጥሩ ጎኑ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ መውደዱ ነው። ትልቅ ገንዳ ኖሯችሁ ማሞቂያ ካልፈለጋችሁ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይበቃዋል። ከሞቃት አገር ዓሦች ጋር ግን አይቀላቀልም፤ አንዱ ሲመቸው ሌላው ይጎዳል።

ኒዮን ቴትራ በመንጋ የሚኖር ነው፤ ከስድስት በታች አይገዛም። ሁለት ወንድ ቤታ አንድ ገንዳ ውስጥ እስከ ሞት ይጣላሉ። "ገንዳ ያጸዳል" ተብሎ በጣት የምታክል የሚሸጠው ፕሌኮ ደግሞ የተለመደው ዓይነት ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። መግዛት ካለባችሁ የሚያድግበትን ገንዳ አስቀድሙ።

አዲስ ዓሣ ቤት ሲገባ ቢቻል ሁለት ሳምንት በሌላ ትንሽ ገንዳ ይቆይ። በሽታ አንድ ጊዜ ዋናው ገንዳ ከገባ ማስወጣቱ ከባድ ነው። የመጣበትን የፌስታል ውሃ ገንዳው ውስጥ አትድፉ።

ምግብ ማብዛት

እንግዳ ሲመጣ "እስቲ ልመግባቸው" ይባላል፣ ልጆችም ይጨምራሉ። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። እንጀራና ዳቦ አይሰጥም። ከድሮው የተረፈውን የምግብ ቆርቆሮ ደግሞ ጣሉት፤ የተከፈተ ምግብ በወራት ውስጥ ቫይታሚኑን ያጣል።

የበዛውን ወንዝ ውስጥ መልቀቅ

ጋፒ በወር ገደማ ይወልዳል፤ ሴቷ ደግሞ ወንድ ባይኖር እንኳ ከዚህ ቀደም የያዘችውን ዘር አቆይታ ደጋግማ ትወልዳለች። ገንዳው ሲጠብ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ደግነት ይመስላል። አይደለም። የኛው ጫሞ ተፈጥሯዊ ነዋሪ የሆነው ናይል ፐርች በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ሲጨመር ምን እንዳደረገ ይታወቃል። በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ዝርያ ያላቸው ትናንሽ ዓሦችን አጠፋ። ጣና ውስጥም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች አሉ። እነሱን ከማያውቁት ዓሣና ከማያውቁት በሽታ ጋር ማገናኘት የለብንም።

ወንዶቹንና ሴቶቹን ገና ትንሽ ሳሉ ለዩ፤ ወይም ከመጀመሪያው ወንዶች ብቻ ግዙ። ከበዛም ለሌላ አሳዳጊ ወይም ለገዛችሁበት ሱቅ ስጡ። የገንዳ ውሃና ተክልም ወደ ቦይ አይደፋም። ውሃውን አበባና አትክልት አጠጡበት፣ ተክሉን አድርቃችሁ ከቆሻሻ ጋር አስወግዱት።