ምንጩ የሚታወቅ ፌሮ፦ የብረት መደብር በኃላፊነት እንዴት ይገዛል፣ እንዴትስ ይሸጣል?

ፌሮ፣ ቱቦላሬ፣ ላሜራና ቆርቆሮ የሚሸጥ መደብር በሁለት ትላልቅ ነገሮች መካከል የቆመ ነው፤ በአንድ በኩል ብዙ ጭስ የሚያወጣ ምድጃ፣ በሌላ በኩል ሰው የሚኖርበት ሕንፃ። ነጋዴው ምድጃውን አይቆጣጠርም፣ ሕንፃውንም አይሠራም። ከየትኛው ምድጃ እንደሚገዛና ለገንቢው ምን እንደሚያስረክብ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለአንድ ዓላማ የተዘጋጀ ነው፦ ከመደብሩ የሚወጣ እያንዳንዱ እስር ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚመዝንና ማን እንደወሰደው እንዲታወቅ። ምሳሌዎቹ በፌሮ ላይ ያተኮሩት ጉድለቱ ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር ነው።

1. ስለ ምድጃው ይጠይቁ

የብረት ማዕድንን በድንጋይ ከሰል ኮክ ከሚያቀልጠው ብላስት ፈርነስ የሚወጣ አንድ ቶን ብረት በዓለም አማካይ 2.3 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስከትላል። ከቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ የሚቀልጠው 0.7 ቶን ገደማ ነው። አንድ ቶን ቁርጥራጭ ተመልሶ ሲቀልጥ 1.4 ቶን የብረት ማዕድን፣ 740 ኪሎ የድንጋይ ከሰልና 120 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ይተርፋል።

አገር ውስጥ ፌሮ ከሚያወጡት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ቁርጥራጭ ሰብስበው በኢንዳክሽን (በኤሌክትሪክ በሚግል) ምድጃ ያቀልጣሉ፤ ሌሎቹ ቢሌት (ገና ወደ ዘንግ ያልተዳመጠ ወፍራም የብረት ቁራጭ) ከውጭ አስመጥተው፣ አግለው፣ በመዳመጫ አሳልፈው ይሸጣሉ። ሁለቱም "የአገር ውስጥ ምርት" ይባላሉ፣ በዓይን አይለዩም። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከዘጠኝ አሥረኛው በላይ ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ እዚህ የቀለጠ ቁርጥራጭ የአየር ብክለቱ ከዓለም አማካይም ሊያንስ ይችላል። ከውጭ የመጣው ቢሌት ደግሞ የተሠራበትን ምድጃ ጭስ ይዞ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚጨነቅለት የማጓጓዣው ጭስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በከባድ መኪና ለሚመጣ አንድ ቶን ከ100 ኪሎ ብዙም አይዘልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ቢሌቱን ራሳችሁ ታቀልጣላችሁ ወይስ ታስመጣላችሁ? ከየትኛው ፋብሪካ?" የሚል ይሁን። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ቁርጥራጭ ማቅለጥም የራሱ ድካም አለው። ኢንዳክሽን ምድጃ ያገኘውን ያቀልጣል እንጂ አያጣራም፤ ፎስፈረስና ድኝ አብረው ይቀራሉ። መዳብ ደግሞ አንዴ ከብረት ጋር ከቀለጠ በየትኛውም የተለመደ ምድጃ አይወጣም። ሲበዛም ብረቱ በሚዳመጥበት ጊዜ ፊቱ እንዲሰነጣጠቅ ያደርጋል። ለዚህ ነው የአቅላጩን የቁርጥራጭ ግቢ ሄዶ ማየት የሚያስፈልገው። ሞተርና ሽቦ ተለይተው ተቀምጠዋል? ወይስ ሁሉም በአንድ ክምር ነው? ጉብኝቱን ምድጃው በሚሞላበት ሰዓት ያድርጉት፤ ጭሱ የሚበዛው ያኔ ነው፣ መምጠጫውና የማጣሪያ ከረጢቱ መሥራቱም የሚታወቀው ያኔ ነው። ከማጣሪያው የሚወጣው አቧራ ዚንክና እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል የት እንደሚደፋ ይጠይቁ። "ለጊዜው እዚህ ነው" የሚል መልስ ከሰሙ ወንዙ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይመልከቱ።

እግረ መንገድዎን ሠራተኞቹን ይዩ፦ የፊት መከለያ፣ የቆዳ ጓንት፣ ተረከዝና ጣት የሚሸፍን ጫማ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይቻልም። የማቅለጫ ወለል አደገኛ ስለመሆኑ ክርክር የለም።

2. ወረቀቱን ከእስሩ ጋር ያመሳክሩ

ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር የፋብሪካው የፍተሻ ሰርተፍኬት መምጣት አለበት፤ ከውጭ ለሚገባ ብረት የተለመደው በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 10204 ዓይነት 3.1 የተዘጋጀው ነው። ሂት ነምበር የሚባለው የቅልጥ ቁጥር በሰርተፍኬቱ ላይና በእስሩ ላይ በተንጠለጠለው ታግ ላይ አንድ መሆን አለበት። ካልተመሳሰለ ወረቀቱ የሌላ ብረት ነው፤ ጭነቱ ከመኪና ሳይወርድ ይመለስ።

በጣም የሚያሳስት ነገር አለ፤ የቢሌት ሰርተፍኬት የፌሮ ሰርተፍኬት ሆኖ ይቀርባል። የቢሌቱ ወረቀት የሚናገረው ስለ ኬሚካል ይዘቱ ብቻ ነው። የፌሮው ጥንካሬ የሚወሰነው በመዳመጫውና በውኃ በሚቀዘቅዝበት መንገድ ስለሆነ የዳመጠው ፋብሪካ የራሱን የመሳብ ፈተና ውጤት ማቅረብ አለበት። ቢ500ቢ ለተባለው የፌሮ ደረጃ ቢያንስ 500 ሜጋ ፓስካል የመለጠጥ ገደብ (ብረቱ ወደነበረበት ሳይመለስ መለጠጥ የሚጀምርበት ጫና)፣ ከፍተኛ ጥንካሬው ለመለጠጥ ገደቡ ሲካፈል 1.08፣ በከፍተኛው ጭነት ላይ ደግሞ 5 በመቶ መርዘም ይጠበቃል። ቢ500ሲ የሚባለው 1.15 እና 7.5 በመቶ ይጠይቃል። በስምጥ ሸለቆ ዙሪያ ለሚገነባ ደንበኛ ይህን ልዩነት ሳይጠየቁም ይንገሩት፤ በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ የነበረው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያድነው ሳይበጠስ የሚለጠጥ ብረት ነው።

3. በሚዛን ይፈትኑ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ መሥራት ከቻሉ ይህን ይሥሩ። ፌሮን በካሊበር መለካት ያታልላል፤ ጥርሱ ላይ ከለኩ ይወፍራል፣ በጥርሶቹ መካከል ከለኩ ይቀጥናል። ክብደት ግን አይዋሽም። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ ያባዙና ለ162 ያካፍሉ፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ለ12 ሜትር ቤርጋ (ለአንድ ሙሉ ዘንግ) ሲሰላ፦

ባለ 8፦ 4.74 ኪሎ
ባለ 10፦ 7.4 ኪሎ
ባለ 12፦ 10.7 ኪሎ
ባለ 14፦ 14.5 ኪሎ
ባለ 16፦ 19 ኪሎ
ባለ 20፦ 29.6 ኪሎ
ባለ 24፦ 42.7 ኪሎ

ከተለያዩ እስሮች፣ ከላይም ከመሃልም፣ አምስት ቤርጋ ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ልክ 1 ሜትር ቀጥ አድርገው ይቁረጡና ግራም በሚያነብ ሚዛን ይመዝኑ። የአውሮፓው ኢኤን 10080 ለባለ 8ና ከዚያ በታች 6 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 4.5 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል። ፌሮ በአገራችን አስገዳጅ ደረጃ ካላቸው ምርቶች አንዱ ስለሆነ የደረጃውን ሰነድ ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ገዝተው ወሰኑን ከሚዛኑ በላይ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

ባለ 12 ተብሎ የመጣ ቤርጋ 9.6 ኪሎ ከመዘነ እውነተኛ ውፍረቱ 11.4 ሚሊ ገደማ ነው። 0.6 ሚሊ ትንሽ ትመስላለች፤ የብረቱ የቁርጥ ገጽ ስፋት ግን በ10 በመቶ ወርዷል። ስምንት ፌሮ የታሰረበት ምሰሶ በተግባር የሰባትን ያህል ጉልበት ነው ያለው። በኪሎ መግዛት ነጋዴውን ከኪሳራ ያድነዋል፣ ገንቢውን ግን አያድነውም፤ መሐንዲሱ የሚቆጥረው ዘንግ እንጂ ኪሎ አይደለም። የቀጠነ ብረት "ብረት ቆጠበ" የሚሉም አሉ። ተሰንጥቆ የሚፈርስ ሕንፃ ሲሚንቶውንም፣ አሸዋውንም፣ ብረቱንም ሁለት ጊዜ ያስወጣል፤ ከዚያ የባሰ ብክነት የለም።

ከሚዛን ቀጥሎ መታጠፉን ይፈትኑ። ባለ 12ን 36 ሚሊ ውፍረት ባለው ፒን ዙሪያ፣ ባለ 20ን በ120 ሚሊ ፒን ዙሪያ፣ በቀዝቃዛው፣ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን እስኪሆኑ ያጥፉ። በውጨኛው በኩል ስንጥቅ ከታየ ጭነቱን ለይተው ያስቀምጡና ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላኩ፤ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት እንዲህ ያለውን ፍተሻ ይሠራል። ለማጠፍ ሲባል ፌሮን በእሳት ማጋል በውኃ የጠነከረውን የላይኛ ሽፋን ስለሚያለሰልስ ለደንበኞችም ይህንኑ ይንገሩ።

4. ቁርጥራጭ ሲገዙ

መደብሩ ቁርጥራጭ ሰብስቦ ለአቅላጭ የሚያቀርብ ከሆነ ምንጩን ማጣራት እዚህ ላይ ይጠነክራል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በተደጋጋሚ እንደሚገልጸው ከከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ማማዎች ላይ ብረት እየተፈታ ይሰረቃል፤ ማማው ሲወድቅ ከተማ ይጨልማል። የማማ ብረት በቀላሉ ይለያል፦ በዚንክ የተነከረ አንግል ነው፣ በእኩል ርቀት የብሎን ቀዳዳ አለው፣ ጫፉ ላይ ፊደልና ቁጥር ተመትቶበታል። የማንሆል ክዳን፣ የመንገድ ዳር መከለያ፣ የድልድይ መደገፊያና የባቡር ሐዲድ ከባለቤቱ መሥሪያ ቤት የሽያጭ ደብዳቤ ከሌለው በምንም ዋጋ አይገዛም።

ለትልቅ ጭነት የሻጩን መታወቂያ ቅጂ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የጭነቱን ፎቶና ክብደት ይያዙ፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን። ማዳበሪያ ተሸክሞ ለሚመጣው ቆራሌው ይህን ሁሉ ወረቀት መጠየቅ አይገባም። ስሙንና ሰፈሩን መመዝገብ በቂ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሚዛን ነው፤ 20 ኪሎ የተረጋገጠ መመዘኛ ድንጋይ ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ያሳዩት፣ የዕለቱንም ዋጋ በሩ ላይ ይጻፉ።

ከስርቆት ሌላ የሚገድልም ቁርጥራጭ አለ። የታሸገ ሲሊንደር፣ ያልተበሳ የመኪና ሾክ አብዞርበርና ውኃ የቋጠረ ቧንቧ ምድጃ ውስጥ ሲገቡ ይፈነዳሉ። ጦርነት ከነበረባቸው አካባቢዎች በሚመጣ ጭነት ውስጥ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊገኝ ይችላል፤ ከታየ ሳይነኩት ሰዉን አርቀው ለፖሊስ ይደውሉ። ለመጠኑ ከልክ በላይ የሚከብድ የእርሳስ መያዣ፣ ወይም ባለ ሦስት ቅጠል የጨረር ምልክት ያለበት ዕቃም እንዲሁ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1983 በሜክሲኮዋ ሲውዳድ ኋሬዝ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ ተፈትቶ ለቁርጥራጭ ነጋዴ ተሸጠ፤ ውስጡ የነበረው ኮባልት 60 ከብረት ጋር ቀልጦ ፌሮና የጠረጴዛ እግር ሆነ። የታወቀው በጥር 1984 ያንን ፌሮ የጫነ መኪና በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ሲያልፍ የጨረር ማስጠንቀቂያ ስለጮኸ ነው። በእጅ የሚያዝ የጨረር መለኪያ ለአንድ ግቢ ከባድ ወጪ አይደለም።

5. አቀማመጥ

12 ሜትር ቤርጋ ቢያንስ ስድስት መደገፊያ ላይ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በየዲያሜትሩና በየቅልጥ ቁጥሩ ተለይቶ ይቀመጥ። ታጉ እስሩ ሲፈታም አብሮ ይቆይ፤ ብዙ መደብር መረጃውን የሚያጣው ታጉን ቆርጦ በሚጥልበት በዚያች ቅጽበት ነው። ስስ ቡናማ ዝገት ኮንክሪትን አያስለቅቅም፤ እንደ ቅርፊት የሚላጥ ዝገት ግን በብሩሽ ተጠርጎ ብረቱ እንደገና ይመዘን። የቆርቆሮ ክምር በክረምት ከረጠበ በቅጠሎቹ መካከል ነጭ ዝገት ይዞ ዚንኩን ይበላዋልና ወደ አንድ ጎን አጋድለው፣ አየር እያስገቡ ያስቀምጡት።

6. ቆርጦ መሸጥ

ደንበኛው ቤርጋ ከመቁጠሩ በፊት የቁርጥ ዝርዝሩን ይጠይቁት። 3.5 ሜትር የሆነ 60 ቁራጭና 1.5 ሜትር የሆነ 20 ቁራጭ ይፈልጋል እንበል። ለየብቻ ከተቆረጠ 20 ቤርጋ ለረጅሙ፣ 3 ቤርጋ ለአጭሩ ይወጣል፤ ከረጅሙም ባለ 1.5 ሜትር 20 ቁርጥራጭ ይተርፋል። አብሮ ከታሰበ ግን ከእያንዳንዱ ቤርጋ ሦስት ባለ 3.5 እና አንድ ባለ 1.5 ይወጣል፤ 20 ቤርጋ ብቻውን ይበቃል። 4.2 ሜትር ሲታዘዝ ደግሞ ከአንድ ቤርጋ ሁለት ብቻ ወጥቶ 3.6 ሜትር ይቀራል። 4 ሜትር ቢሆን ሦስት ይወጣ ነበር፤ ይህን ለመሐንዲሱ ይንገሩት እንጂ ራስዎ አያሳጥሩት፣ ሁለት ዘንጎች የሚደራረቡበት ርዝመት የተሰላ ነውና።

ከ1 ሜትር በላይ የሆነ ትራፊ በዲያሜትር ተለይቶ በቅናሽ ይሸጥ፤ ለፍርግርግና ለአጭር ማያያዣ ፈላጊ አያጣም። የቀረው ወደ አቅላጩ ይመለስ።

7. መዝገቡና የተበላሸ ጭነት

አንድ መዝገብ ይበቃል፦ የገባበት ቀን፣ አቅራቢ፣ ቢሌቱ የቀለጠበት ቦታ፣ የቅልጥ ቁጥር፣ ዲያሜትር፣ የተመዘነው የ1 ሜትር ክብደት፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ቁጥር፣ የገዢው ስምና ስልክ። ሽያጩ ላይም የቅልጥ ቁጥሩ በደረሰኙ ይጻፍ።

የላቦራቶሪ ውጤት ዘግይቶ መጥቶ ጭነቱ ከደረጃ በታች ከሆነ፣ በዚያ ቁጥር የወጣውን ሁሉ ከመዝገቡ አውጥተው በዚያው ቀን ለገዢዎቹ ይደውሉ፤ ኮንክሪት ከፈሰሰበት ደንበኛው መሐንዲሱን እንዲያማክር ውጤቱን በጽሑፍ ይስጡት። ግቢ ውስጥ የቀረው በቀይ ቀለም ይቀባ። ወደ ፋብሪካ ሲመለስም ሙሉ ቤርጋ ሆኖ አይሂድ፤ ከ1 ሜትር ባነሰ ቁመት ተቆራርጦ ይጫን። እንደዚያ ካልሆነ በሌላ ታግ ታስሮ በርካሽ ዋጋ ሌላ መደብር በር ላይ ይራገፋል።