«እንስራዎቹ ደረቁብኝ»፦ የነፍሳት በል ተክሎች ችግርና መፍትሔ

አንዲት ወዳጄ የነፍሳት በል ተክሏን ፎቶ ላከችልኝ። ተክሉ ነፍሳት የሚያጠምድባቸው፣ ከቅጠሉ ጫፍ የተንጠለጠሉት ትንንሽ እንስራዎች ክዳናቸው ቡናማ ሆኖ ተጨማዷል። «ከገዛሁት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ውሃ አላጓደልኩበትም፣ ዝንብም አብልቼዋለሁ። ምን ሆኖብኝ ነው?» ትላለች።

እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁ ጊዜ የገጠመኝ ይኸው ነበር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ተክሉን ያገኘሁት ከአንድ ትልቅ ሱቅ የአትክልት ክፍል ነው። በሦስተኛው ወር ጣልኩት። አሁን ሳስበው ተክሉ ያን ጊዜ አልሞተም ነበር። የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እነዚህ ተክሎች ነፍሳት የሚይዙት አፈራቸው ውስጥ በቂ ምግብ ስለሌለ ነው። ሥራቸው ድሃ መሬት ነው የለመደው። ስለዚህ ለጽጌረዳ ወይም ለበሶብላ ደግ የሆነው ሁሉ፣ ለም አፈሩም ማዳበሪያውም የቧንቧ ውሃውም፣ ለእነሱ ጉዳት ነው። ፎቶ ከሚልኩልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ተክሉን የጎዱት በቸልታ ሳይሆን በመንከባከብ ነው።

መጀመሪያ፣ የያዛችሁት የትኛውን ነው?

እንስራ ካላቸው ውስጥ በየሱቁ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። እንስራው ከቅጠል ጫፍ በቀጭን ክር የሚንጠለጠለው ኔፔንተስ ይባላል። አገሩ ቦርኒዮ፣ ሱማትራ፣ ፊሊፒንስና አካባቢያቸው ነው። ለኢትዮጵያ በርቀት ቅርብ የሆኑት ማዳጋስካርና ሲሸልስ ላይ የሚበቅሉት ናቸው። ስለ ማዳጋስካሩ ኤቲየን ደ ፍላኩር የተባለ ፈረንሳዊ ገዥ በ1658 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ከመሬት እንደ መለከት ቀጥ ብሎ የሚወጣው ደግሞ ሳራሴኒያ ነው። እሱ የሰሜን አሜሪካ ረግረግ ልጅ ነው። ሐምራዊው ዝርያ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በዱር ይበቅላል።

ይህን መለየት ግድ ነው፤ ጠባያቸው ተቃራኒ ነውና። ኔፔንተስ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ይበሰብሳል። ሳራሴኒያ ግን ውሃ ካልተኛበት ይደርቃል። ኔፔንተስን ውርጭ ይገድለዋል። ሳራሴኒያ ያለ ዊንተር አይኖርም።

«ገዝቼው በገባሁ በሳምንቱ እንስራዎቹ ደረቁ»

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቦታ ለውጥ ነው። ተክሉ ያደገው እርጥበት በሞላበት የመስታወት ቤት ነው። እናንተ ቤት አየሩ ደረቅ ነው፤ በተለይ ማሞቂያ ከተከፈተ። መጀመሪያ ክዳኑ ይደርቃል፣ ቀጥሎ አፉ፣ በመጨረሻ ሆዱ።

እዚህ ላይ መታየት ያለበት እንስራው ሳይሆን የሚያድገው ጫፍ ነው። መሐሉን ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ተጠቅልሎ እየወጣ ከሆነ ተክሉ ደህና ነው። ያሉትን እንስራዎች ሊጥል ይችላል፤ አዲሶቹን የሚሠራቸው ከእናንተ ቤት አየር ጋር አስማምቶ ነው። ሁለት ሦስት ወር ታገሡት። ገና እንደገባ የተተከለበትን ዕቃ አትቀይሩበት፣ ቦታውንም በየቀኑ አታዛውሩት። እንስራው ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ አትቁረጡት፤ ያ ክፍል አሁንም እየሠራ ነው። ጫፉ ራሱ ጠቁሮ ከለሰለሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱን ወደታች እናየዋለን።

በፕላስቲክ ሣጥን ታሽጎ የሚሸጥ ከሆነ ክዳኑን በአንድ ቀን አታንሱ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈታችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አውጡት።

ስትገዙም እንዲሁ ነው። እንስራው የበዛውን ሳይሆን ጫፉ ጤነኛ የሆነውን ምረጡ። የኔፔንተስ ሥር በተፈጥሮው ጥቁር ነው፣ ስታዩት በስብሷል ብላችሁ አትደንግጡ። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጠውን «ሰማያዊ ኔፔንተስ» ዘር ደግሞ አትግዙ። እንዲህ ያለ ሰማያዊ ተክል የለም። እውነተኛው የኔፔንተስ ዘርም ቢሆን ቶሎ የሚሞት ነው፤ መጋዘን የከረመ አይበቅልም።

«የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፣ አዲሱ ቅጠል እያነሰ ይመጣል»

ውሃው ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ውሃው ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ሞክሩ። ከቧንቧችሁ አንድ ጠብታ ንጹሕ መስታወት ላይ ጣሉና ይድረቅ። ነጭ ቀለበት ትቶ ይሄዳል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱው ነው፤ ውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው ነው። ለሰው ምንም አይደለም። ተክሉ ዕቃ ውስጥ ግን ውሃው ይተናል፣ ነጩ ነገር አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ነገ ሌላ ይጨመርበታል። ጥቂት ወራት ሲያልፉ የዕቃው ጠርዝ ላይ ቅርፊት ሆኖ ታዩታላችሁ። ሥሩ እየተቃጠለ ያለው ያኔ ነው።

መፍትሔው የዝናብ ውሃ፣ ወይም በሱቅ «ዲስቲልድ» (በትነት የተጣራ) ተብሎ በጋሎን የሚሸጠው ውሃ ነው። ጨዉን በሚያስቀር ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባል ማጣሪያ የተጣራም ይሆናል። የምንጭ ውሃ የሚል የታሸገ ውሃ አይሆንም። እንደ አምቦ ያለ ማዕድናም ውሃማ ጨርሶ አይታሰብም። ማፍላትም ጨዉን አያወጣውም። የተለመደው የማጣሪያ ጆግም አይበቃም። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው የምትለካ፣ ቲዲኤስ ሜትር የምትባል እስክሪብቶ የምታክል ርካሽ መለኪያ አለች፤ ውሃ ውስጥ ስትነክሯት ከ50 በታች ካሳየች ያ ውሃ ይሆናል።

እስካሁን የቧንቧ ውሃ ስታጠጡ ከነበረ ንጹሑን ውሃ የዕቃውን መጠን ሦስት እጥፍ ያህል ከላይ አፍስሱና ከታች ይውረድ። ጨዉ አብሮ ይታጠባል።

አፈሩም ያው ነው። ለቤት አበባ የሚሸጠው አፈር ማዳበሪያ አለበት፣ ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑት። ለሳራሴኒያ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ሽበት) እና ፐርላይት (አፈር የሚያናፍስ ቀላል ነጭ ጠጠር) እኩል በእኩል። ለኔፔንተስ ስፋግነም ሞስ የሚባለው ረጅም የደረቀ ሽበት ከፐርላይት ጋር፣ ካገኛችሁም ለኦርኪድ የሚሸጠው የዛፍ ቅርፊት ቢገባበት ጥሩ ነው። ፒት ሞሱንም ስትገዙ ማዳበሪያ እንዳልተጨመረበት ከረጢቱ ላይ አንብቡ።

«ቅጠሉ ያምራል፣ እንስራ ግን አያወጣም»

ይህ ብዙ ሰው ያማርራል። ምክንያቱን ከቅጠሉ ጫፍ ማንበብ ይቻላል። ከጫፉ በሚወጣው ክር መጨረሻ ላይ ምስር የምታክል እብጠት ትኖራለች። እንስራ የምትሆነው እሷ ናት።

እብጠቷ ጨርሶ ካላደገች ብዙ ጊዜ የጎደለው ብርሃን ነው። ቅጠሉም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይለጠጣል። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀምጡት፣ ወይም ጠንካራ ፀሐይ ባለበት መስኮት ላይ ስስ መጋረጃ ጋርዱለት። መስኮት ከሌለ የዕፅዋት ኤልኢዲ መብራት በቀን ለ12 እስከ 14 ሰዓታት ያህል አብሩለት። ቅጠሉ ቀላ ማለት ሲጀምር ብርሃኑ ደርሶታል ማለት ነው።

እብጠቷ ማደግ ጀምራ መሐል ላይ ከደረቀች ደግሞ አየሩ ደርቋል። በውሃ መርጨት ለደቂቃዎች ነው የሚጠቅመው። ከማሞቂያው አፍ አርቁት፣ ከሌሎች ተክሎች ጋር አጠጋጉት፣ ካላችሁም ሂውሚዲፋየር የሚባለውን ትንሽ አየር ማርጠቢያ አብሩ። ቬንትራታ የሚባለው፣ ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ድቅል፣ እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ከሆነ ይበቃዋል። ለጀማሪ እሱን ነው የምመክረው።

«አበላሁት፣ ከዚያ በሰበሰ»

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። «ሥጋ በል ነው» ስላት ጊዜ አዘነችለት መሰለኝ፣ ከምትከትፈው ሥጋ ሽንብራ የምታክል ቆርሳ እንስራው ውስጥ ጣለችለት። በአራተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ። እንስራው ከታች ጀምሮ ጠቆረ። እናቴ ምንም አላጠፋችም፤ ስሙን ነው ያመነችው።

የከብት ሥጋ፣ አይብ፣ እንጀራ፣ ምንም አትስጡት። እንስራው ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚፈጨው ትንንሽ ነፍሳትን ነው። ሥጋው ከመሟሟቱ በፊት ይሸታል። ካልተያዘለት በወር አንድ ሁለት ዝንብ፣ ወይም የዓሣ ምግብ አንድ ሁለት ፍሬ ብትጥሉለት ይበቃዋል። ሳታበሉትም አይሞትም፤ እድገቱ ብቻ ይዘገያል።

ደግሞም ራሱ ይይዛል። ቅዳሜ ጠዋት ቡና አፍልተን፣ ስኳሩ ላይ ስትዞር የነበረች ዝንብ ተነሥታ እንስራው ከንፈር ላይ ዐረፈች። ከንፈሩ ሸንተረር ሸንተረር ነው፤ ጣፋጭ ነገር ያወጣል። እየላሰች ዙሪያውን ዞረች፣ ምንም አልሆነችም። ቀደም ብዬ ውሃ የረጨሁበት በኩል ስትደርስ ግን ስድስቱም እግሯ ባንድ ጊዜ ከዳት። ከንፈሩ ደረቅ ሲሆን ያስሄዳል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ውስጥ ገብታ ስትንዘፈዘፍ ይሰማ ነበር። ሁላችንም ሲኒያችንን ይዘን ዝም አልን።

እንስራው በመንገድ ላይ ተገልብጦ ፈሳሹ ከፈሰሰ፣ ንጹሕ ውሃ እስከ ሩቡ ድረስ ጨምሩበት። አፉ ድረስ አትሙሉ።

«ጫፉ ጠቆረ፣ ግንዱ ለሰለሰ»

ኔፔንተስ ከሆነ የበሰበሰ ሥር ነው። ከሥሩ የተቀመጠውን ሳህን አንሡ። የለሰለሰውን እስከ ጤነኛው አረንጓዴ ድረስ በንጹሕ መቀስ ቁረጡ። በአዲስ ስፋግነም ትከሉት፣ እርጥብ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ አድርጉት። ጤነኛ ግንድ ከተረፈ ከጎኑ አዲስ ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል። ዕድሉን ስጡት።

ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ቅጠሉ ብብት ውስጥ ካያችሁ ደግሞ ተባይ ነው። የጆሮ ጥጥ አልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጉ፣ በሳምንቱ ድገሙት።

አዲስ አበባ ላላችሁ

ከተማችን ለኔፔንተስ የተመቸች ናት። የቬንትራታ አንዱ ወላጅ የፊሊፒንስ ተራራ ላይ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚበቅል ነው። ቀን ሞቅ፣ ሌሊት ቀዝቀዝ ማለቱን ይወደዋል። በክረምት ደግሞ የዝናብ ውሃ በነፃ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይሂድ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በንጹሕ ጀሪካን አጠራቅሙ። ሳራሴኒያን ግን አልመክርም፤ የሚተኛበት ረጅም ብርድ የለንም።

ከውጭ ስትመጡ በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትገቡ አደራ። ኔፔንተስ በሙሉ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የንግድ ቁጥጥር አለበት። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ከመጣ ሊወረስ ይችላል። ከዱር ተነቅሎ የመጣ ተክልም በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ከችግኝ ጣቢያ የተባዛ መሆኑን ጠይቁ።

«ሳራሴኒያዬ ጥቅምት ላይ ሞተ»

አልሞተም፣ ተኛ። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ መለከቶቹ ከላይ ወደታች ይደርቃሉ። ሰው በዚህ ጊዜ ይደነግጥና ወደ ሞቃት ሳሎን ያስገባዋል። የሚገድለው ይኼ ነው። ካልተኛ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ተሟጥጦ ያልቃል።

ከሦስት እስከ አራት ወር፣ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ባለ ቦታ ተዉት። ሜሪላንድ አካባቢ ከሆናችሁ ውጭ ይሁን፤ አፈሩ በረዶ ሆኖ እንዳይደርቅበት የዕቃውን ዙሪያ በደረቅ ቅጠል ሸፍኑት። አፓርትመንት ከሆነ ማሞቂያ የሌለው መስኮት ያለው ጋራዥ ይሆናል። በዚህ የእንቅልፍ ጊዜ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይተኛበት።

የካቲት መጨረሻ ላይ የደረቁትን መለከቶች ከሥር ቁረጡ። መጋቢት ላይ አንገቱን የደፋ የአበባ ዘንግ ቀድሞ ይወጣል። መለከቶቹ ከኋላ ይመጣሉ። ሳህኑን ያኔ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ሙሉለትና ሙሉ ፀሐይ ላይ አውጡት።